ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መንገደኛ በምን ይሂድ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ለመውረድ ያሰበ ሰው፣ ስንቁን ከመቋጠሩና ሰነዱን ከማሰናዳቱ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም በአየር ልሂድ፣ በመኪና ልሂድ፣ ወይስ በምድር ባቡር ልሂድ የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው ይህን የዋጋና የሰዓት ጉዳይ አድርጎ ስለሚመለከተው፣ የቲኬቱን ዋጋ ከሚፈጀው ጊዜ ጋር አስተያይቶ ኪሱ የፈቀደለትን ይዞ ይነሣል። ነገር ግን ሁለት አገሮች ጎረቤታሞች ሲሆኑ፣ ከዚያም አልፎ የአንዱ ኑሮ በሌላው ደጃፍ የሚያልፍ ሲሆን፣ በመካከላቸው የሚመላለሰው መንገደኛ የሚመርጠው መጓጓዣ ጎረቤቱን ምን ያህል ለማወቅ እንደ ፈቀደ የሚገልጥ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህም ጤናና ጊዜ የፈቀዱለት መንገደኛ ሁሉ ቢያንስ የመሄጃውን ጉዞ በምድር ባቡር እንዲያደርገው፣ ባቡሩን የሚያስተዳድሩትም ወገኖች ሰውን ከጭነት አሳንሰው እንዳያዩት በዚህ ጽሑፍ ለመማለድ እወዳለሁ።

ነገሩ ከሥሩ እንዲታይ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፣ ከባሕር ወደ ደጋው የሚወጣው ዕቃ ሁሉ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ይጫን ነበር፤ ነጋድያኑም ከአንዱ የውሃ ጉድጓድ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት እያሰሉ፣ ቀን ከሐሩር ተጠልለው ሌሊት በኮከብ እየተመሩ፣ ያን ምድረ በዳ በብዙ ሳምንት ድካም ያቋርጡት ነበር። በ1889 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ይዞታ ወሰን በውል ተለየ፤ ብዙም ሳይቆይ በ1890 ዓ.ም. ያንኑ ወሰን የሚሻገረው ሐዲድ ከጅቡቲ ወገን መዘርጋት ጀመረ። ሐረር በተራራ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ ሐዲዱን ወደ እርሷ ማውጣት እጅግ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ መስመሩ በቆላው እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ላይም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያ በኋላ ግን ገንዘቡ አለቀ፤ ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ከሰረ፤ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያም፣ ኢትዮጵያ ተካፋይ ሳትሆን፣ ስለ ኢትዮጵያ በ1899 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል ውስጥ የባቡሩን ነገር አስገቡት። ሥራው ለዓመታት ቆሞ፣ በሌላ ኩባንያ እጅ እንደገና ተጀምሮ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት በ1906 ዓ.ም. ዐርፈው ስለ ነበር፣ የባቡሩን ፉጨት በዋና ከተማቸው ሳይሰሙ ቀሩ።

ይህ 784 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ የነበረ ቀጭን ሐዲድ ለብዙ አሥርት ዓመታት የኢትዮጵያ ዋናው የውጭ በር ሆኖ ኖረ። በ1923 ዓ.ም. ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት የዘውድ በዓል የተላኩት የመንግሥታት ልዑካን ከመርከብ ወርደው በዚሁ ባቡር ወጡ፤ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጠላት ወደ ዋናው ከተማ በተቃረበ ጊዜ እኚሁ ንጉሠ ነገሥት በዚሁ ባቡር ወደ ስደት ወረዱ። በዚያ ዘመን ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበርና መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ካሰበበት ይደርስ ነበር። ዝግታው ያኔ ለብዙዎች መከራ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ሆኖም ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት፣ በአዋሽ የጣቢያው ቡፌ እንዲከፈት ምክንያት የሆነው፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ሕዝብ በየጣቢያው ብርቱካኑንና ወተቱን፣ እንቁላሉንና ቆሎውን ይዞ ወጥቶ ከመንገደኛው ጋር እንዲተዋወቅ ያደረገው ያው ዝግታ ነው። በፉርጎው መስኮት በኩል አንዱ ሳንቲሙን ሲያቀብል ሌላው ብርቱካኑን ሲሰጥ፣ አማርኛው፣ ሶማልኛው፣ ኦሮምኛው፣ ዐፋርኛውና ዐረብኛው፣ ከዚያም ላይ የባቡር ሠራተኛው ፈረንሳይኛ በአንድ ጣቢያ ይደባለቅ ነበር። የድሬዳዋ ሰው እስከ ዛሬ በየቋንቋው የሚግባባውና እንግዳን ያለ ሥጋት የሚቀበለው፣ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ያ አሮጌ ባቡር ግን ሁልጊዜ ደግ አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. ጦርነት መስመሩን ቆረጠው፤ በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የሰው ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል በመውደቁ ከ400 የሚበልጡ ነፍሳት ጠፉ፤ ከዚያ ወዲህ ሐዲዱ እያረጀ፣ ፉርጎው እየተሰበረ፣ ጉዞው በየቦታው እየተቆራረጠ ሄዶ በመጨረሻ ቆመ። ዛሬ በአዲስ አበባ በለገሃር ያለው በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ጣቢያ ባቡር አያስተናግድም። በእርሱ ፈንታ በቻይና ብድርና በቻይና ተቋራጮች የተሠራው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ሰፊ ሐዲድ በመስከረም 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በዚያው ዓመት በጥር ወር በጅቡቲ ተመርቆ፣ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎቱን ጀመረ። ሀብቱም የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ሲሆን፣ ከአራት እጅ ሦስቱ የኢትዮጵያ፣ ቀሪው የጅቡቲ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ስለ አውሮፕላን ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከቦሌ የተነሣ መንገደኛ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚያልፍ ጊዜ የጅቡቲ አውሮፕላን ማረፊያ ከሆነው ከአምቡሊ ይደርሳል። የታመመ ሰው፣ ለቅሶ የተጠራ ሰው፣ ቀጠሮው ሰዓትና ደቂቃ የተቆረጠለት ባለጉዳይ፣ ሕፃን የታቀፈች እናት በአየር ቢሄዱ ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም፤ እንዲያውም እንዲህ ላለው መንገደኛ ሌላውን መምከር ጭካኔ ነው። ነገር ግን ከ2300 ሜትር ከፍታ ላይ በጠዋት ብርድ ጋቢ ተከናንቦ የነበረ ሰው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከባሕሩ ዳር እሳት ወደሚተፋው አየር ሲወረወር ሰውነቱ ይደነግጣል፤ ዐይነ ልቡናውም በመካከል ያለውን አገር ሁሉ ሳያይ ያልፋል። ሁለቱን አገሮች በአንድ ያስተሳሰራቸው ግን ያ በመካከል ያለው አገር ነው።

የመኪናው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ከአዋሽ ወደ ሰሜን ታጥፎ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ አልፎ በጋላፊ በኩል ድንበሩን ይሻገርና በዲኪል ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ርዝመቱም ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህ የከባድ መኪና ጎዳና ነው። የማዳበሪያው፣ የብረቱ፣ የስንዴውና የነዳጁ ጭነት፣ ተሳቢ እየጎተተ ሌሊትና ቀን የሚመላለሰው በዚህ ነው። ሾፌሮቹና ረዳቶቻቸው ቀትር ሲሆን መኪናቸውን ዳር አስይዘው ከተሳቢው ሥር ሰሌን ዘርግተው ሲያርፉ፣ በጋዝ ምድጃ ሻይ ሲያፈሉ ማየት የተለመደ ነው። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ሆኖ ሳለ፣ ያን ሁሉ ሸክም በትከሻቸው የተሸከሙትን እነዚህን ሰዎች በስም የሚያመሰግናቸው የለም፤ እኔ በዚህች ዐረፍተ ነገር አመሰግናቸዋለሁ። ይሁን እንጂ በጋቢና ውስጥ ቦታ ለምኖ ለመሄድ ለሚያስብ ተራ መንገደኛ ይህን መንገድ አልመክርም፤ ኬላውና ፍተሻው ብዙ፣ ሙቀቱ ጽኑ ነው፤ በጸጥታ ምክንያት መንገዱ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ፤ የሌሊት ጉዞው ደግሞ እንቅልፍ ያልጠገበ ሾፌር ከወዲያ በሚመጣበት ጠባብ አስፋልት ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በድሬዳዋ በኩል ነው። አውቶቡሱ ከአዋሽ በኋላ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣና በጭሮና በሂርና፣ በማሽላውና በጫቱ እርከን መካከል እየተጠማዘዘ፣ በቁልቢ አልፎ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ተሳፋሪው በማግሥቱ ወይም በዚያው ሌሊት ሌላ መኪና ይዞ፣ ከድሬዳዋ እስከ ድንበሩ ኬላ እስከ ደወሌ በተሠራው የክፍያ መንገድ በኩል ወደ ጅቡቲ ይቀጥላል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ወደ ቁልቢ ስእለቱን ይዞ ለሚሄድ ምእመን፣ በሐረር ዘመድ ላለው፣ በየከተማው እየቆመ የሚሸጥና የሚገዛ ነጋዴ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ልጆችን ይዞ ለሚሄድ ግን ኩርባው ያስመልሳል፤ ጉልበቱ ለታመመ ሽማግሌም የአውቶቡሱ ወንበር ይጠበዋል።

እንግዲህ ባቡሩ ይቀራል። ሲመረቅ የሦስቱን ቀን ጉዞ ወደ 10 ሰዓት ያህል እንደሚያወርደው ተነግሮ ነበር፤ ተሳፋሪው ግን ቀኑን ሙሉ እንደሚፈጅበት አስቦ ቢነሣ ይሻላል። በአዲስ አበባ ዳር ካለው ከለቡ ጣቢያ በጠዋት ተነሥቶ የአዳማን ሜዳ ያለፈ መንገደኛ፣ በመተሐራ ሲደርስ የበሰቃን ሐይቅ ያያል፤ ውሃው ከዓመት ዓመት እየሰፋ ጥንት የግጦሽ መሬት የነበረውን ውጦታል፤ ሐዲዱም በዚያው በውሃው መካከል በተሠራ ጉብታ ላይ ያልፋል። በግራ በኩል የፈንታሌ ተራራ ከነጠቆረው የእሳተ ገሞራ ድንጋዩ ይታያል። ከአዋሽ በኋላ አየሩ ይለወጣል፤ በጠዋት የለበሱት ሹራብ አንድ በአንድ ይወልቃል፤ ቁጥቋጦው ያጥራል፤ ግመሎች ይበዛሉ። ሰውነት ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ስለሚገባ፣ በባሕሩ ዳር የሚጠብቀውን ወበቅ ሳይደነግጥ ይቀበለዋል።

በአንድ ጉዞዬ ከአዳማ የተሳፈሩ አንዲት እናት ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። በጅቡቲ ያገባች ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት የሚሄዱ ናቸው። በሶው በከረጢት፣ የገንፎው ዱቄት በሌላ ከረጢት፣ ቅቤው ደግሞ በሙቀት እንዳይቀልጥ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ቆርቆሮ ሆኖ በእግራቸው ሥር ተደርድሯል። «እማማ፣ በአውሮፕላን ቢሄዱ አይቀልልዎትም ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔስ ይቀለኝ ነበር፤ የአራሷን ስንቅ ማን ይጭንልኛል? ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ?» አሉኝ። ከጎናቸው የነበረው ጅቡቲያዊ የኢሳ ተወላጅ፣ በልጅነቱ ድሬዳዋ ያደገ ነጋዴ፣ በጠራ አማርኛ «እናቴ፣ ቆርቆሮውን ወደ ጥላው ያዙሩት» ብሎ ራሱ ተነሥቶ አነሣላቸው፤ ደወሌ ስንደርስም ሰነዳቸውን ተቀብሎ የሚሞላውን ሞላላቸው፤ እርሳቸውም ከበሶው በጥብጠው አጠጡት። እነዚህ ሁለት ሰዎች በሌላ መጓጓዣ ቢሄዱ ኖሮ ባልተገናኙ ነበር። የሁለት መንግሥታት ጉርብትና በቤተ መንግሥት አዳራሽ የሚፈረም ቢሆንም፣ ሥጋና ደም የሚለብሰው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ያለውን ምድር ብዙ ሰው ባዶ ነው ይለዋል፤ ባዶ አይደለም። በአዲጋላ አካባቢ ከከርሰ ምድር የሚወጣው ውሃ በቧንቧ ድንበር ተሻግሮ የጅቡቲን ከተሞች ያጠጣል፤ ከኢትዮጵያ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ኃይልም ቤታቸውን ያበራል። የድሬዳዋና የሐረርጌ አትክልትና ፍራፍሬ በየዕለቱ ገበያቸው ይገባል፤ በአንጻሩ እኛ የምንበላበት ስንዴና እርሻችን የሚያድግበት ማዳበሪያ በእነርሱ ወደብ ያልፋል። በወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያለው ከብት አርቢ የአንድ አባት ልጅ ነው፤ ኢሳው በዚህኛው መስመር፣ ዐፋሩ በጋላፊው መስመር፣ የ1889ኙ ውል ከለየው ወሰን በሁለቱም ወገን ዘመድ አለው። ባቡሩ ከደወሌ አልፎ ቀይ ኮረብቶች ወደ ከበቧት ወደ አሊ ሳቢህ ሲገባ፣ ከዚያም በሆልሆል በኩል ወደ ጅቡቲ ከተማ ጣቢያ ወደ ነጋድ ሲወርድ፣ መንገደኛው አገር የተለወጠ መሆኑን የሚያውቀው በማስታወቂያው ጽሕፈትና በገንዘቡ ዓይነት እንጂ በሰዉ መልክ አይደለም። ይህን ከደመና በላይ የሚያልፍ መንገደኛ አያየውም፤ ማየቱ ግን ስለ ወደብና ስለ ባሕር በር በየጊዜው በሚነሣው ክርክር ላይ ቃል ለሚሰጥ ዜጋ ሁሉ እጅግ የሚያስፈልግ ነው። ጎረቤቱን በዐይኑ ያየ ሰው ስለ ጎረቤቱ በርጋታ ይናገራልና።

ባቡሩን እንዲህ ካመሰገንሁ በኋላ ጉድለቱን መሸሸግ ለእውነት አይስማማም። የመጀመሪያው ጉድለት የጣቢያዎቹ ቦታ ነው። አሮጌው ባቡር መንገደኛውን በለገሃር፣ በድሬዳዋም በከተማዋ እምብርት፣ በገበያና በቤት መካከል ያወርደው ነበር፤ አዲሱ ግን በለቡ ከከተማው ዳር ይጭነውና፣ በድሬዳዋም ከከተማው ውጭ፣ በጅቡቲም በነጋድ ከከተማው ርቆ ያወርደዋል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በለገሃር ደጃፍ ቢያልፍም ለቡ አይደርስም። ስለዚህ ለባቡሩ አነስተኛ ዋጋ የከፈለ ድኻ መንገደኛ፣ ከቤቱ እስከ ጣቢያው ለታክሲ የሚከፍለው ያን ትርፉን ይበላበታል፤ ገና ጎሕ ሳይቀድም መነሣት ያለባት ሴትም በጨለማ መጓጓዣ ፍለጋ ትንገላታለች። ይህ ሐዲድ ሲቀየስ ስለ ኮንቴይነር በብርቱ እንደ ታሰበ፣ ስለዚያች ሴት ግን በቂ አሳብ እንዳልተደረገ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው የእርግጠኝነት ጉድለት ነው። ባቡሩ በየቀኑ አይሄድም፤ ኃይል ሲቋረጥ ይቆማል፤ ሽቦና ብሎን የሚሰርቁ ሰዎችም ጉዳት ያደርሱበታል፤ ግመልና ከብት ሐዲድ ላይ ሲገኝ ግጭት ይሆናል፤ ለእንስሳው ካሣ ክርክር ይነሣል፤ ጉዞው ይዘገያል። በዚህ አርብቶ አደሩን ብቻ የሚወቅሱ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ለአባቱና ለአያቱ ከዘመናት በፊት የነበረው የከብት መተላለፊያ በአንድ ጊዜ ሐዲድ ሲዘረጋበት፣ ከሐዲዱ ሥር ማለፊያው የት እንዲሆን እርሱ ራሱ ሊጠየቅ ይገባ ነበር። የአገር ሽማግሌዎችን ይዞ፣ ውሃው ወዴት እንዳለ፣ መንጋው በየትኛው ወር ወዴት እንደሚሄድ ጠይቆ ተጨማሪ ማለፊያ ማበጀት ለካሣ ከሚከፈለው ሁሉ ይረክሳል። ሽቦና ብሎን ከሚሰረቅበት መንደርም ለጥበቃው ሰው ቢቀጠር፣ ሐዲዱ የባዕድ ነገር መሆኑ ቀርቶ የአካባቢው ንብረት ይሆናል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሕሊናዬ እንዳልፈው የማይፈቅድልኝ ሌላ መንገደኛ አለ፤ እርሱም ምርጫ የሌለው ነው። ከወሎና ከትግራይ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ ተነሥተው፣ የአውሮፕላኑንም የአውቶቡሱንም የባቡሩንም ቲኬት ሳይቆርጡ፣ በደላላ ቃል ታምነው በእግራቸው ወደ ጅቡቲ የሚሻገሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ አጠገብ፣ ጥላ በሌለው ጥቁር ድንጋይ ላይ፣ ውሃቸውን በጀሪካን አንጠልጥለው ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ ይሄዳሉ፤ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት ይሞክራሉ። ከመካከላቸው በጥም የሚወድቁ፣ በባሕር የሚሰጥሙ አሉ፤ በኦቦክ ዳርቻ ስም ያልተጻፈባቸው መቃብሮች አሉ። እኛ በየትኛው መጓጓዣ ብንሄድ ይሻላል ብለን ስንመካከር፣ በዚያው ምድር ላይ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በባዶ እግር እየሄዱ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባናል። ድኻው በሕግ፣ በስሙና በሰነዱ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሄዶ ሠርቶ እንዲመለስ በርካሽ ዋጋ የሚጭነው ባቡር ደላላውን ጨርሶ ባያጠፋውም ከገበያው ጥቂት ይቀንስበታል፤ የወንበር ፉርጎ ዋጋ ከድኻው አቅም በላይ እንዳይሆን የምከራከረውም ስለዚሁ ነው።

የባቡሩ አስተዳደር ቀደም ሲል በቻይናውያን ባለሙያዎች እጅ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ልጆች ተላልፏል። ስለዚህ ልመናዬን ለእነርሱ በቀጥታ አቀርባለሁ። የጭነቱ ሥራ የድርጅቱን ወጪ እንደሚሸፍን፣ የሰው ጭነት ግን ብዙ ትርፍ እንደማያመጣ አውቃለሁ፤ ሆኖም በአሮጌው ሐዲድ ከተሞችን ያቋቋመው፣ ቋንቋን ያስተማረው፣ ጋብቻን ያጋባው የሰው ባቡር ነበር። የሰው ባቡር የሚሄድባቸው ቀኖች ለዓመቱ አስቀድመው ይታወቁ፤ ሰሌዳው በለቡ፣ በድሬዳዋና በነጋድ ብቻ ሳይሆን በየከተማው አደባባይ ይለጠፍ፤ ከለገሃርና ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ለቡ፣ ከጅቡቲ መሐል ወደ ነጋድ ከባቡሩ ሰዓት ጋር የተገናዘበ አውቶቡስ ይመደብ፤ የሁለቱ አገሮች የኬላ ሹማምንት ባቡሩ እየሄደ ሰነዱን በወንበር በወንበሩ የሚያዩበት ስምምነት ይደረግ፤ በየጣቢያው የአካባቢው ሴቶች ምግባቸውንና ፍሬያቸውን በንጽሕና የሚሸጡበት መደብ ይሠራላቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሐዲድ የሚያስቀይር ወይም ብድር የሚያስበድር አንድም የለም።

ለአንባቢውም ይህን እላለሁ። የታመመ ወይም የተቸገረ ካልሆነ በቀር ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሰው በባቡር ይውረድ፤ ሥራው ካስቸኮለው መመለሻውን በአየር ያድርገው። ወራቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል፤ ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም ያለው ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በዚያው ወራት የሚነፍሰው ካምሲን የተባለው ነፋስም ዐይን አያስገልጥም። ባቡሩ የሚነሣበትን ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ፓስፖርቱንና የመግቢያ ፈቃዱን አሟልቶ ይያዝ፤ በቂ ውሃ ይሰንቅ፤ ከጎኑ የሚቀመጠው ጅቡቲያዊ ከሆነ ሰላምታውን ያስቀድም፤ በብዙ ጊዜ መልሱን በአማርኛ ያገኘዋል።